ይቅርታ የሚለው ሸክላ

ጎርም ቴስትሩፕ እሁድ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ሲገኝ ድምፁ ገና ይናገር ነበር። «ይቅርታ» ይላል፤ ትንሽ ይንሿሿና እንደገና «ይቅርታ» ይላል። ከወንበሩ አጠገብ ባለው ሸክላ ማጫወቻ ላይ አንድ ጥቁር ሸክላ ይሽከረከራል። መርፌው የሸክላው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የተቀዳው የወጣቱ ጎርም ድምፅ ያንኑ አንድ ቃል ይደጋግማል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የልብ መድኃኒት ጠርሙስና አንድ መለኪያ አለ። መለኪያው ውስጥ ጎርም ራሱ መራራ ቅጠል ዘፍዝፎ የሚያዘጋጀው አረቄ ጭላጭ ቀርቷል።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ሰውየው መድኃኒቱን በአረቄ አወራርዶ፣ ደብዳቤ መጻፉን ትቶ፣ ይቅርታውን በሸክላ አስነገረ። እኛን የስቬንድቦር ወደብ ከተማ ሰዎችን ግን አንድ ነገር ከንክኖናል። ጎርምን ከልጅነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በሕይወቱ ማንንም ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

መርማሪዋ ጉድሩን ሎ ስትደርስ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቃት።

«ላጥፋው ወይ ጉድሩን? ከመጣሁ ጀምሮ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ምን እንደበደለኝ እንኳ አላውቅም።»

«ቆይ፣ አትንካው።»

የጉድሩን ግራ ጆሮ አይሰማም። በልጅነቷ ታማ የቀረባት ነገር ነው፤ የጎደለውን በዓይኗ ማሟላት ከለመደች ቆይታለች። ስለዚህ ሌላው ሰው ድምፁን ሲሰማ እሷ ጎንበስ ብላ የማጫወቻውን ክንድ ትመለከት ጀመር። ሸክላ ሲዘፍን ክንዱ ቀስ እያለ ከጠርዙ ወደ መሃል ይጓዛል። ይኼኛው ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ወገቧ እስኪያማት ድረስ አየችው፤ እዚያው ነው። ከዚያ ክንዱን በመሀረብ አነሳችው። ቤቱ ጸጥ ሲል ፖሊሱ በረጅሙ ተነፈሰ።

ወጥ ቤት ስትገባ ደግሞ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያደረ ሊጥ ጠርዙን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አጣምራ ቆማ ሊጡን ታያለች። ቦዲል ናት፣ የሟቹ የቀድሞ ሚስት።

«የማን ሊጥ ነው?»

«የጎርም። የእሁድ ጠዋት ዳቦ ነው፤ ሁልጊዜ ማታ ነው የሚያቦካው። ትናንትም ከራት በኋላ እያፏጨ አቦካው።»

«ለስንት ሰው?»

ቦዲል ሳህኑን አየችው። «ለአራታችን» አለች።

ሊሞት የቆረጠ ሰው የነገ ቁርስ እያፏጨ አያቦካም፤ ጉድሩን ይህን በሆዷ ይዛ ወንበር ሳበች።

ቅዳሜ ማታ በዚህ ቤት ያደሩት አራት ሰዎች ናቸው። ሦስቱ በወጣትነታቸው «የእሁድ ጥርስ» የሚባል የሙዚቃ ቡድን ነበሩ። ጎርም ኦርጋን፣ ቦዲል ቫዮሊን፣ ፕሬበን የሚባለው ደግሞ ከበሮ ይጫወቱ ነበር። አንድ ሸክላ ብቻ አወጡ፤ ስሙን «ሸርጣን» አሉት። ሽፋኑን አንድ በአንድ በቀይ ክር ሰፉት፤ ሊሰማው የፈለገ ክሩን መበጠስ ነበረበት። ጥቂት ሰዎች ገዙና ብዙዎቹ ተበላሽቷል እያሉ መለሱት፤ ሱቆቹም ያልተሸጠውን ጣሉት። ዛሬ በዓለም ላይ ሦስት ቀርተዋል ይባላል። አራተኛው ሰው ኡፌ ሆልክ ነው፤ ስለዚህ ሸክላ በጻፈው ጽሑፍ ስሙ የተጠራ፣ በዚያው ፕሮፌሰር የሆነ ሐያሲ። ሸክላው ኮፐንሃገን እንደገና ሊታተም ስለሆነ ነበር ለራት የተሰበሰቡት።

«ሌሊት ምን ሰማሽ?» አለች ጉድሩን ቀኝ ጆሮዋን ወደ ቦዲል አዙራ።

«ይቅርታ ሲል።»

«ከዚያ በፊትስ? ሙዚቃ አልነበረም?»

«ምንም። ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ድንገት ይቅርታ ይል ጀመር። መኝታዬ ከሱ ክፍል በላይ ነው፣ ወለሉ ስስ ነው።»

«አልወረድሽም?»

ቦዲል ሊጡን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እኔን መስሎኝ» አለች። «ግማሹ ሙዚቃ የኔ ነው ጉድሩን። ሽፋኑ ላይ ያለው ግን የጎርም ስም ብቻ ነው። ያኔ ስጠይቀው ‹የኔ ስም ያንቺም አይደል እንዴ› አለኝ። ሚስቱ ነበርኩና ዝም አልኩ። ትናንት ማታ ያን ቃል ስሰማ በአፉ ማለት ቢያቅተው በሸክላ ላከልኝ አልኩ። ይለምነኝ፣ ይበል፣ ብዬ ትራሴን አቅፌ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት፣ ገባሽ? እሱ እታች እየሞተ።»

እንዲህ ላለ ነገር የሚባል ቃል ቢኖር ኖሮ ጉድሩን በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ታገኘው ነበር።

ፕሬበን ግቢው ውስጥ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ የከበሮ ጩኸት ጆሮውን የጨረሰበት ሰው ነው። ከሁለቱም ጆሮው ጀርባ መስሚያ አለው።

«እኔን አትጠይቂኝ፤ ጆሮዬን አውልቄ ነው የተኛሁት» አለ።

«ደህና፣ በሁለታችን መካከል አንድ ደህና ጆሮ አለ ማለት ነው። ለምን አወለቅኸው?»

«ሰው ሁሉ ሲተኛ ያወልቃል።»

«ፕሬበን።»

ትልቁ ሰውዬ ጫማውን አየ። «ጭቅጭቅ ስሰማ አልወድም። ከፎቅ ደረጃው ላይ ሆኜ ጎርምና ኡፌ ሲጨቃጨቁ ሰማሁና አወለቅኋቸው። ድሮም እንዲህ ነኝ። ሽፋኑ ሲታተም ማተሚያ ቤት ሄጄ ያየሁት እኔ ነበርኩ። የቦዲል ስም እንደሌለ አይቻለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይገባ ነበር፤ እኔ ግን የጎርምን ፊት ፈራሁና ዝም አልኩ። ትናንትም ወርጄ ቢሆን ጎርም ዛሬ ዳቦውን እየጋገረ ነበር።»

«የሚጨቃጨቁት በምን ነበር?»

«ጎርም ራት ላይ ‹አዲሱ ሽፋን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ› አለና ኡፌን በዓይኑ ጠቀሰው። ኡፌ የዓሣው አጥንት ጉሮሮው ላይ የቀረበት መሰለ። ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አልነገረንም። ጎርም ሰው ማብሸቅ ሲያምረው ነገር ያንጠለጥላል።»

ጉድሩን ልትሄድ ተነሳችና ቆመች። «ለምን ሸርጣን አላችሁት?»

ፕሬበን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የባሕር ጠረፍ ልጅ ሆነሽ ሸርጣን ሲሄድ አላየሽም? እንደ ሰው ነው እንዴ የሚሄደው?»

እንደገና ተቀመጠች። ሁለቱ ጀልባው ላይ ብዙ አወሩ። ያወሩትን ለጊዜው እዚያው እንተወው፤ ጉድሩን ስትነሳ ግን ወደ ቤቱ የሄደችው በፍጥነት ነበር።

ኡፌ ሆልክ ሳሎን ውስጥ አንገቱ ላይ የሐር ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ጭኑ ላይ አንድ የሸክላ ሽፋን አኑሮ ተቀምጧል። ሽፋኑ ዙሪያውን በቀይ ክር እንደተሰፋ ነው።

«ይኼ ያንተው ነው?»

«ጎርም እንዲፈርምልኝ አምጥቼው ነበር። አንዱ የሱ፣ አንዱ ጃፓን አገር ያለ፣ አንዱ ይኼ። ክሩ ያልተነካው ግን የኔ ብቻ ነው።»

«ሳትበጥሰው ምን እንዳለበት በምን አወቅህ?»

ኡፌ ልጅ ጥያቄ የጠየቀችው ያህል ፈገግ አለላት። «ወጣት ሳለሁ ኮፐንሃገን ሸክላ ቤት ውስጥ ቆሜ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሻጩ ‹ይኼ ተበላሽቶ የተመለሰ ነው፣ ጊዜህን አታጥፋ› ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ገባኝ። አንድ ሙሉ ገጽ፣ አንድ ቃል። እስከዚያ ድረስ የደፈረ ሙዚቀኛ በአውሮፓ አልነበረም። ያንኑ ሌሊት ጽሑፌን ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የእሁድ ጥርስ ማን እንደሆነ ያወቀው።»

«ትናንት ማታስ?»

የኡፌ ፊት ተለወጠ። «ሌሎቹ ሲተኙ እኔና ጎርም ቀረን። ሸክላውን ራሱ አወጣ። ዓይኔ እያየ መርፌውን ጠርዙ ላይ አሳረፈና የመጀመሪያውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አብረን ሰማን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ‹ደክሞኛል ኡፌ› አለኝ። እንደገና ሲከፍተው ደህና እደር ብዬው ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ።»

«ተጨቃጭቃችኋል ይባላል።»

«ስለ ሙዚቃ። እኔና ጎርም ስለ ሙዚቃ ሳንጨቃጨቅ አድረን አናውቅም።»

ይህን ብሎ አለቀሰ። ማስመሰል አልነበረም፤ እንባው የእውነት ነበር። ጉድሩን ይህንንም አየች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። ጎርም ክኒኑን አልዋጠም። ክኒኑ ተፈጭቶ ከመራራው አረቄ ጋር ተቀላቅሏል፤ ያን አረቄ የሚጠጣ ሰው ምሬት ቢጨመርበትም አይለየውም። ጉድሩን ስልኩን ዘግታ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። የመከር ፀሐይ ከወደቡ ማዶ አዘቅዝቃለች፤ የጎርም ወንበር ባዶውን መሃላቸው ቆሟል፤ ማንም አጠገቡ መቀመጥ አልፈለገም።

«ሦስታችሁም ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁኛል» አለች ጉድሩን። «ቦዲል ባለመውረዷ፣ ፕሬበን ጆሮውን በማውለቁ፣ ኡፌ ጥሎት በመውጣቱ። እንዲህ ዓይነት ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። ሌላ ቦታ ሰው እኔ አይደለሁም ሲለኝ ነው የምውለው።»

የሳቀ የለም።

«ከሊጡ ልጀምር። ጎርም ለዛሬ ጠዋት የአራት ሰው ዳቦ አቡክቷል። ስለዚህ ራሱን አልገደለም። ክኒኑን ፈጭቶ አረቄው ውስጥ የጨመረው ሌላ ሰው ነው፤ ሸክላውንም የከፈተው ያው ሰው ነው፣ እኛ ይቅርታውን ሰምተን ራሱን ገደለ እንድንል።»

«እኔ ስወጣ በሕይወት ነበር» አለ ኡፌ። «ማንም ከኔ በኋላ ሊገባ ይችላል።»

«ይችላል። ለዚህ ነው መርፌውን ያየሁት። ጠዋት ስደርስ መርፌው ጠርዙ ላይ ነው፤ ብጠብቀውም ከዚያ አይነቃነቅም። ጠርዙ ላይ ያለው መስመር ክብ ነው፣ ራሱ ላይ ተመልሶ የሚገጥም። መርፌው እዚያ ከገባ ቃሉን ሲደጋግም ይኖራል እንጂ ሌላ የትም አይሄድም። ሙዚቃው ታዲያ የት ነው ብዬ ፕሬበንን ጠየቅሁት።»

ወደ ፕሬበን ዞረች። ፕሬበን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሸክላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው» አለ። «መርፌውን መሃል፣ ስሙ ከተጻፈበት ክብ ወረቀት አጠገብ ታስቀምጪዋለሽ፤ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ለዚህ ነው ሸርጣን ያልነው። ይቅርታዋ መጨረሻው ናት። ሽፋኑ ላይ አልጻፍነውም፤ ያኔ ለሰው ማስረዳት ነውር ይመስለን ነበር። ሰዉም መርፌውን እንደለመደው ጠርዙ ላይ እያስቀመጠ ተበላሽቷል እያለ መለሰው።»

ኡፌ ጭኑ ላይ ያለውን ሽፋን አጥብቆ ያዘ። «ይኼ ቀልድ ነው» አለ በቀስታ።

«ቦዲል፣» አለች ጉድሩን፣ «ትናንት ማታ ከይቅርታው በፊት ሙዚቃ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።» ቦዲል ቀና አለች። ነገሩ ገና አሁን ገባት። «ጎርም ቢሆን ከመሃል ይጀምር ነበር። ቫዮሊኔን እሰማ ነበር።»

«ኡፌ ግን ጎርም ዓይኔ እያየ መርፌውን ጠርዙ ላይ አሳርፎ አንድ ገጽ ሙሉ አብረን ሰማን ይላል። ጎርም በገዛ ሸክላው እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። ሊያስመስሉ ቢፈልጉ ኖሮ ቦዲልና ፕሬበንም ቃሉን ከጠርዙ ሊያስጀምሩት ይችሉ ነበር። ‹ገጹን ሙሉ ሰማን› ብሎ መዋሸት የሚችለው ግን ገጹ በሙሉ ያ ቃል ብቻ የሚመስለው ሰው ነው።»

«አልሰማሁትም ነው የምትይው?» የኡፌ ድምፅ ቀጠነ። «ሕይወቴን በሙሉ ያስተማርኩትን?»

ጉድሩን እጇን ዘረጋች። «የጎርም ሸክላ ለምርመራ ሄዷል። ያንተን ስጠኝ።»

«ክሩን አትንኪው። እባክሽ።»

ስለ ጎርም አንድ ጊዜ እንኳ በዚህ ድምፅ አልለመነም። ጉድሩን ሽፋኑን ከእጁ ወስዳ ለቦዲል ሰጠቻት። ቦዲል ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የሰፋችውን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ሸክላውን አውጥታ ማጫወቻው ላይ አኖረች፤ መርፌውን መሃል፣ ከወረቀቱ አጠገብ አሳረፈችው።

መጀመሪያ ኦርጋኑ ገባ፤ ከሩቅ የሚመጣ የመርከብ ጡሩንባ ይመስላል። ከዚያ ከበሮው እየተደናቀፈ፣ ሆን ብሎ እየዘገየ ተከተለ። ከሁለቱ በላይ ቫዮሊኑ ተነሳ፤ ሸካራ፣ ግትር፣ አንዳንዴ አልቃሻ፣ ደግሞ ድንገት የሚስቅ። ክንዱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይጓዛል። ፕሬበን በጣቱ ጉልበቱን ይመታል። በር ላይ ያለው ፖሊስ ቆቡን አወለቀ።

ኡፌ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«የኛ ሸክላ ነው» አለ ፕሬበን።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ፕሬበንና ቦዲል ተያዩ። የመለሰችው ቦዲል ናት። «ጽሑፍህ በወጣ ጊዜ ሳቅን። ከዚያ ሰው ሁሉ በሱ የተነሳ ያከብረን ጀመር፣ እኛም ደስ አለን። አንተን ማረም ራሳችንን ማዋረድ ሆነብን።»

«ትናንት ማታ፣» አለ ኡፌ መርፌውን እያየ፣ «‹አንተ እኮ ሸክላችንን ሰምተኸው አታውቅም፤ ይህንኑ ሽፋኑ ላይ እጽፈዋለሁ› አለኝ። ሳቀብኝ። የጻፍኩት፣ ያስተማርኩት፣ ስሜ ራሱ ከዚያ ጽሑፍ ነው የመጣው። ለመንኩት፤ ይብሱን ሳቀ። ሊጡን ሊሸፍን ወጥ ቤት ሲገባ መድኃኒቱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን እንዳልሰማሁ ግን አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ቢነግርህ ኖሮ መርፌውን ሌላ ቦታ ታስቀምጠው ነበር» አለች ጉድሩን።

ኡፌ አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ ሊይዘው ሲራመድ እጁን አነሳ። «ገጹ እስኪያልቅ» አለ። «ይህን ብቻ።»

ጉድሩን ፖሊሱን በዓይኗ አቆመችው። ሕግ እንዲህ አይልም። ሦስቱም፣ ገዳዩም ጭምር፣ ሸክላውን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ቫዮሊኑ ከፍ ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ ድንገት ተቋረጠ። አንድ ነገር ኮሽ አለ። ከዚያ የጎርም ድምፅ መጣ። «ይቅርታ።»

ኡፌን ሲያወጡት ወደ ኋላ አልዞረም። ቃሉ ክፍሉ ውስጥ መሽከርከሩን ቀጠለ።

«ቦዲል፣» አለች ጉድሩን አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «ኡፌ ይህን ቃል የከፈተው ጎርም ተነስቶ ሊያጠፋበት እንደማይችል ካወቀ በኋላ ነው። አንቺ ስትሰሚው እሱ አልፏል። ብትወርጂም አታድኚውም ነበር።»

ከበደሏ ነጻ የምታወጣት መስሏት ነበር። ቦዲል ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ታዲያ አላለኝም ማለት ነው» አለች።

ቦዲል ወደሚሽከረከረው ሸክላ በአገጯ አመለከተች።

«ይኼኛው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስንቀዳ ዞር ሲል እግሬን ረገጠኝ። ኮሽ ያለው ያ ነው። ሳያስበው ይቅርታ አለ፤ ቴፑ ላይ ቀረ። በትዳራችን ዘመን ከአፉ ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው። ትናንት ማታ ሁለተኛ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።»

ፕሬበን ከወንበሩ ተነሳ። ያ ትልቅ ሰውነት የት እንደሚቆም ግራ ገብቶት ማጫወቻው አጠገብ ቆመ። መስሚያዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ መኖራቸውን አረጋገጠ።

«ቦዲል» አለ። «ማተሚያ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ስምሽ እንደሌለ አይቼ ዝም አልኩ። ሃያ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። ይቅርታ። ይቺ የሸክላው አይደለችም፣ የኔ ናት። አሁን የቀረነው እኔና አንቺ ነን፤ አዲሱ ሽፋን ላይ ስምሽን ከላይ አጽፈዋለሁ።»

ቦዲል ተነስታ መርፌውን ከጠርዙ አነሳችው።

«ና፣ ሊጡ ሳይኮመጥጥ እንጋግረው» አለችው።